ሐይቁ ከታጠረ ድራፍቱ ምን ይጣፍጣል?

«ባሕር የለንም» እያለ ሲቆጭ ያደገ ትውልድ ነን። እውነት ነው፣ የለንም። የሐይቅ ዳርቻ ግን ሞልቶናል። እኔማ ኪሴ ፈቅዶ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ጉዞዬ ወደ ሐይቅ ዳር ነው። መስፈርቴ ሦስት ብቻ ነው፦ እንደ ልብ በእግር የሚያስኬድ መንገድ፣ ወፍ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አረፍ የሚባልበት ጥሩ ግሮሰሪ።

በዚህ መስፈርት አንደኛዬ ሐዋሳ ናት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ውረዱና ውኃው ወደ ከተማው እንዳይገባ በተሠራው ክትር ላይ ወደ አሞራ ገደል ተራመዱ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነች ትንሽ ወፍ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆምና ድንገት ዓሣ ፍለጋ ውኃው ውስጥ ትወረወራለች። ዛፍ ጫፍ ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ዓሣ በል ንስር ይጮኻል። አሞራ ገደል ስትደርሱ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ፣ ቁመታቸው 1 ሜትር ተኩል የሚደርሰው እነዚያ ራሰ በራዎች፣ ከዓሣው የሚጣለውን አንጀት እንደ አበዳሪ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሁለተኛዬ ባቱ ናት፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ ፔሊካኖቹ ከምንቃራቸው ሥር ያለውን ከረጢት እያንጠለጠሉ ይከተሏቸዋል። ከዚያ ተጠብሶ የመጣ ቆሮሶ በአዋዜ፣ አጠገቡ አንድ ጃምቦ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማርኩበት አባዜ ይነሳብኛል። ያው ቢራ ከሐይቁ ጀርባ ባለው ሰፈር ርካሽ ነው፤ ሐይቁን እያዩ ሲጠጡት ዋጋው ይጨምራል። የጨመረው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? የሐይቁና የወፉ ነዋ! ባለቤቱ ወንበርና ፍሪጅ ገዝቷል፤ ሐይቁን ግን አልገዛውም። እኛ ሁላችን የምንጋራውን ነገር ነው መልሶ የሚሸጥልን። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚመጣው የጋራውን ሀብት ማጠር ሲጀመር ነው።

ባለፈው ከጓደኛዬ ጋር ስሙን በማልጠራው አንድ ሐይቅ ዳር እየሄድን ድንገት ቆርቆሮ አጥር ገጠመን። ጥበቃው ሰው አክባሪ ነበሩ፦ «እህቶቼ፣ ካልተጠቀማችሁ በዚህ ማለፍ አይቻልም። በአስፋልቱ ዞራችሁ ሂዱ።» እሳቸው የታዘዙትን ነው የሚሠሩት። ዞርን፤ አቧራና ባጃጅ እየተጋፋን ሄድን፤ ሐይቁን ለግማሽ ሰዓት አላየነውም። ከእኛ ጋር የዞሩት ደብተር የያዙ ተማሪዎች ግን ዕለቱን ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜም እንደሚዞሩ ነገሩን። ለአንድ ድራፍት የሚከፍሉት የሌላቸው የከተማው ልጆች የራሳቸውን ሐይቅ በቆርቆሮ ቀዳዳ ነው የሚያዩት።

«ኢንቨስትመንት ሥራ ይፈጥራል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው። ከእኔ ጋር ተመርቀው እስካሁን ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ፤ ሆቴልና ግሮሰሪ ይከፈት ባይ ነኝ። ግን አጥሩ ራሱ ሥራ አይፈጥርም። ቤቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይሠራ፣ የእግር መንገዱ በፊት ለፊቱ ይለፍ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ነገ የሚቀመጥ ደንበኛ ነው።

ዛሬ ቆርቆሮ ነው፤ ነገ ግን የጋራው ነገር ጭራሽ ሊያልቅ ይችላል። የማይመስለው ካለ ከባቱ ብዙም ሳይርቅ አብያታን ይይ። ፔሊካኖች ለእንቁላላቸው ደህና ነው ብለው ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር፤ ዓሣ ግን የሚበሉት አብያታ ሄደው ነው። ወደ አብያታ የሚወርደው ውኃ ላይኛው ዝዋይ ላይ ለመስኖ ተቀነሰ፣ ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ተቀዳ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ ሌላ ቦታ ሄዱ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ «እኔ የምወስደው ጥቂት ነው» ሳይል አልቀረም። ጥቂቱ ተደምሮ ነው ሐይቅ የሚያሸሸው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ፖሊሲ አናወጣም፤ ግን ብር እናወጣለን። በሚቀጥለው ሐይቅ ዳር ስትሄዱ ወንበር ከመሳባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በውኃው ዳር ማለፍ ይቻላል?» ይቻላል ካሉ ቁጭ በሉ፣ እዘዙ፣ ጉርሻም ጨምሩ። አይቻልም ካሉ አመስግናችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ስልካችሁም ከሰልፊ ሌላ ይሥራ፤ ኢበርድ የሚባለው ነፃ አፕ ላይ ያያችሁትን ወፍ መዝግቡ። ነገ አንድ ሰው ተነስቶ «እዚህ ምንም ወፍ የለም፣ ይታጠር» ሲል የምናሳየው ነገር ይኖረናል።

እኔ የፊታችን ቅዳሜ ሐዋሳ ነኝ። ጃምቦዬን የምጠጣው መንገዱ ክፍት የሆነበት ቤት ነው።