ከግንባታ ፈቃድ ማግስት፦ የመርካቶ ሕንፃዎችና የመንግሥት ቁጥጥር

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ሱቆችንና ሸቀጦችን አውድሟል። ለእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎች የማይመቹት ጠባብ መንገዶችም የማጥፋቱን ሥራ አክብደውታል። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ አሮጌው ፈርሶ በአዲስ ሕንፃ ቢተካ ችግሩ ይወገዳል የሚል አስተያየት ይሰማል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ የመፍትሔው ግማሽ ብቻ ነው፤ አዲሱም ሕንፃ ከተመረቀ በኋላ ቁጥጥር ካልተደረገበት የአሮጌውን አደጋ ይወርሳልና።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎችን ይይዝ ነበር። የዚህ ምድብ ሕንፃ ከግንባታ ፈቃድ ሌላ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድም ያስፈልገው ነበር። ሥርዓቱ በጎ ነው። ይሁን እንጂ የገበያ ሕንፃ በተመረቀበት ዕለት እንደነበረ አይቆይም። አንዱ ሱቅ በቺፕውድ ለሦስት ይከፈላል፤ መወጣጫው የጨርቅ ጣቃ ማከማቻ ይሆናል፤ ለመብራት የተዘረጋው መስመር የስፌት መኪናና ካውያ ይሸከማል። ከዓመታት በኋላ የሕንፃ ሹሙ ያጸደቀው ፕላንና ነጋዴው የሚውልበት ቤት አይተዋወቁም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በባንግላዴሽ የተደረመሰው ራና ፕላዛ ለዚህ ማስረጃ ነው። ለሱቅና ለቢሮ የታሰበው ሕንፃ የልብስ ፋብሪካዎችን ከነማሽኖቻቸው ተሸክሞ፣ ያለ ፈቃድም ፎቅ ተጨምሮበት ነበር። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በተደረሰ ስምምነት ነጻ መሐንዲሶች ፋብሪካዎችን መረመሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

በአገራችን የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። የነጋዴው ግብር በየዓመቱ የሚጣራ ከሆነ፣ የሚሠራበት ሕንፃ መውጫው ክፍት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ደኅና መሆኑ ስለምን አብሮ አይጣራም? ምርመራ ሲበዛ የጉቦ በር ይሰፋል የሚል ተገቢ ሥጋት ሊነሣ ይችላል። መልሱ ምርመራውን መተው ሳይሆን ውጤቱን በሕንፃው መግቢያ ላይ መለጠፍ ነው፤ ተከራይና ሸማች በየዕለቱ የሚያነበውን መደበቅ ይከብዳልና። ጉድለት ለተገኘበት ሕንፃም የማስተካከያ ጊዜ ሊሰጠው፣ ወጪውንም ኪራይ የሚሰበስበው ባለቤት ሊሸፍን ይገባል። ሱቅ ማሸግ የተከራዩን እንጀራ መቁረጥ ስለሆነ፣ ለሕይወት አስጊ ለሆነ ጉድለት ብቻ ሊውል ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል አገሩ። የቁጥጥሩ መለኪያ በዓመቱ ስንት ፈቃድ ተሰጠ የሚለው ሊሆን አይገባም። መጠየቅ ያለበት፣ ፈቃድ ያገኘው ሕንፃ በአሥረኛ ዓመቱ እሳት ቢነሣበት በውስጡ ያሉት ሰዎች መውጫ ያገኛሉ ወይ የሚለው ነው።