መኪናዋን ከመምረጣችሁ በፊት ሶኬቱን ፈልጉ

«ስንት ነው ዋጋዋ?» «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» «ስክሪኗ ይዞራል አሉ፣ እውነት ነው?» ስለ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወሬ በተነሳ ቁጥር የምንሰማቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ከሁሉም መቅደም የነበረበትን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ግን ጥቂት ነው፦ ማታ ማታ የት ተሰክታ ታድራለች?

ነገሩ ቀላል አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ጥር 2016 ዓ.ም ላይ ከተናገረ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ከውጭ ማስመጣት ማለት በተግባር የኤሌክትሪክ መኪና ማስመጣት ሆኗል። ይህን የማይፈልግ ሰው ቀድማ የገባች ያገለገለች ቪትዝ መፈለግ ነው ያለው። ዕቁብ ጠብቆ፣ ከባንክ ተበድሮ፣ ከወንድም ከእህት ለቃቅሞ ለሚገዛ ወጣት ይሄ የዓመታት ላብ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በስሜት ሳይሆን በስሌት ቢታይ ይሻላል።

ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲገልን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቻይና ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ይህች መኪና ርዝመቷ 3 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በቁመት ከቪትዝ ብዙም አትለይም። ሞተሯ 55 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ባትሪዋ በሁለት መጠን ይመጣል፤ ትንሹ 30.08፣ ትልቁ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል።

ለአዲስ አበባ መንገድ ትመቻለች ወይ? አዎ፣ በጣም። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጡ አሮጌ መኪና የሚያቃስተው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለ አየር አይፈልግም፤ ዳገቱን ከቆመበት ተነስቶ ይወጣዋል። ቁልቁለት ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከጉልበቱ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራም ይተርፋል። መገናኛ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ የሚነድ ነዳጅ የለም። የአዲስ አበባ አየርም ባትሪን የሚጎዳ ከባድ ሙቀት ወይም በረዶ የለበትም።

ጉድለት የለባትም ማለት ግን አይደለም። ወንበሯ ለአራት ሰው ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ጭኖ ለቅሶ መድረስ የለመደ ሰው ይህን ይወቀው። ባትሪው ከሥር ስለተነጠፈ እና መኪናዋም ዝቅ ያለች ስለሆነች ኮብልስቶኑ የተነሳ የሰፈር ውስጥ መንገድና ያለ ልክ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጠላቶቿ ናቸው። አዳማ ደርሶ መመለስ አያስፈራም። ሐዋሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መንገድ ላይ የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ሳታውቁ አትነሱ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ፋብሪካው ለትንሹ ባትሪ 305፣ ለትልቁ 405 ኪሎ ሜትር ይላል። ቁጥሩ የተገኘው በቻይና መለኪያ ሲሆን ይህ መለኪያ ለጋስ ነው። ሩብ ያህሉን ቀንሱለት፤ 230 እና 300 ገደማ ይቀራል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው የቀላል ባቡር መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየቀኑ ይህን ያህል ደርሶ መልስ የሚነዳ ሰው 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንይዝ፣ የቀኑ ፍጆታ ከአምስት ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም።

አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው? አሥር አምፔር የሚሰጥ ተራ የግድግዳ ሶኬት በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የቀኑን ትተካላችሁ። ስልክ ሰክቶ እንደማደር ነው በቃ። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ እንኳ በባትሪው ውስጥ የቀናት መንገድ ይተርፋችኋል። ወጪውን ለማወቅም የሻጭ ወሬ አያስፈልግም፤ የቀኑን አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት በወሩ የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በመብራት ታሪፋችሁ አባዙ። ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም እንደሚጨምር ብቻ አትርሱ።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ፈጣን ቻርጀር ግድ አይደለም። ግድ የሚለው ከሚተኛበት ቤት አጠገብ ያለ አንድ ደህና ሶኬት ነው። ግቢ ያለው ሰው ይህ አለው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረው፣ ወይም በአንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ በሚካፈልበት ግቢ ውስጥ ያለው ግን የለውም። ከፎቅ በመስኮት ኤክስቴንሽን እያወረዱ፣ ክረምት በዝናብ፣ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት መፍትሔ አይደለም፤ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ እሳት ያስነሳል። በጋራ ቆጣሪ መሰካት ደግሞ ከአከራይም ከጎረቤትም ያጣላል፤ «ቢሉ የጨመረው ባንተ መኪና ነው» መባል አይቀርም፣ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ የሕዝብ ቻርጀር አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም የጀመራቸው ጣቢያዎች ጥሩ እርምጃ ናቸው። ግን ለቢሮ ሠራተኛ ቻርጀር ፍለጋ ከተማ አቋርጦ ወረፋ መጠበቅ ማለት የነዳጅ ማደያውን ሰልፍ በሌላ ሰልፍ መለወጥ ነው። በራይድ ወይም በፈረስ ለሚሠራ ልጅ ነገሩ ይብሳል። በቀን 180 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ከ20 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ በተራ ሶኬት አሥር ሰዓት ማለት ነው። እሱ ትልቁን ባትሪ ይምረጥ፣ በሚሠራበት ሰፈር ፈጣን ቻርጀር መኖሩንም በዓይኑ ይይ።

ሶኬቱ ከተገኘ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት ነገር አረጋግጡ። የቻርጅ መሰኪያዋ የቻይና ዓይነት ነው ወይስ የአውሮፓ? በምትጠቀሙበት ጣቢያ ይገጥማል ወይ? ስክሪኗ በምታነቡት ቋንቋ ይሠራል ወይ? ትርፍ ጎማ አላት? ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ በጽሑፍስ አለ? «ፋብሪካው ስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣል» የሚል ነጋዴ ካለ፣ ባትሪው ቢበላሽ አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀበላችሁን ጋራዥ በስም ይንገራችሁ። ያገለገለች ከሆነች ባትሪው የቀረውን አቅም በኮምፒውተር ሳታስለኩ አትግዙ። ቤት ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ለመኪናዋ የራሱ ብሬከር፣ ወፍራም ሽቦና ኧርዝ ያለው መስመር አስዘርጉ።

ይሁንና ሸክሙን ሁሉ ገዢው ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። የነዳጅ መኪናን በር የዘጋ መንግሥት የሶኬቱን በር የመክፈት ግዴታ አለበት። አዲስ የሚሠሩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከመኪና ማቆሚያቸው ጋር የቻርጅ መስመር ይዘው ይሠሩ። በነባሮቹ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሲጠይቅ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለማቆሚያው ለብቻው ቆጣሪ ያስገባ፤ እያንዳንዱ የተጠቀመውን በካርድ ወይም በቴሌብር ይክፈል። ቴክኖሎጂው እጃችን ላይ አለ፤ የካርድ ቆጣሪን ማን የማያውቅ አለ? ይህ ካልሆነ ርካሹ የመብራት ጉዞ ግቢና አጥር ላለው ብቻ ይሆናል፤ ኮንዶሚኒየም ያለው ወጣት ግን መኪናውንም ዕዳውንም ይዞ ወረፋ ላይ ይቆማል።

ትንሿ መኪና ለከተማችን ጥሩ መኪና ናት። ማታ የምትሰኩበትን ቦታ በጣታችሁ ማሳየት ከቻላችሁ ግዟት። ካልቻላችሁ ግን ብሩን ያዙትና መጀመሪያ የሕንፃችሁን ኮሚቴ ስብሰባ ጥሩ።