«ዩቲዩብ ላይ ይወጣ የለ እንዴ?»

አንድ የክፍላችን ልጅ ናይሮቢ ለሚካሄድ የሶፍትዌር ጉባኤ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን እንዲችልለት አመለከተ። ሦስት ገጽ ነው የጻፈው፤ የቲኬቱ ዋጋ፣ የመመዝገቢያው ክፍያ፣ ሲመለስ ለእኛ የሚሰጠው ሥልጠና ሳይቀር በሰንጠረዥ ተቀምጧል። አለቃችን ሁለተኛውን ገጽ እንኳ አልገለጡም። «ዩቲዩብ ላይ ይወጣ የለ እንዴ?» አሉት።

እኚሁ አለቃ ዓመታዊ ዕቅድ እንገምግም ብለው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ያከረሙን ናቸው፤ ያውም በአበል። እዚያ ከታየው ፓወርፖይንት በኢሜይል ሊላክ የማይችል አንድ ገጽ አልነበረም። ያኔ ዩቲዩብ የት ሄዶ ነበር? «ፊት ለፊት መገናኘትን የመሰለ ነገር የለም» ብለው የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ቢሾፍቱ ላይ የሚሠራው ፊት ለፊት ናይሮቢ ሲደርስ ለምን ይበላሻል? የአየሩ ነው እንዳልል ናይሮቢም ነፋሻ ነው።

«ዶላር የለንም» ቢሉ ኖሮ አፌን እይዝ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ስለ ዶላር አላነሡም። ጉባኤ ማለት ንግግር ነው፣ ንግግር ደግሞ ይቀረጻል ነው ያሉት።

የማይቀረጽም ነገር አለ እኮ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ በ2016 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በአንድ ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ተገኘች። ከሺዎቹ ታዳሚዎች ጥቁሮቹን ብትቆጥር በጣት የሚቆጠሩ ሆኑባት። በቀጣዩ ዓመት ከሌላዋ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ከረድኤት አበበ ጋር በመስኩ ያሉ ጥቁሮችን የሚያሰባስበውን «ብላክ ኢን ኤአይ»ን መሠረቱ። የጥቁሮቹን ማነስ ከየትኛው ቪዲዮ ታገኘው ነበር? ካሜራው የሚቀርጸው መድረኩን ነው። አዳራሹ ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ፣ በሻይ ሰዓት ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደሚያወራ የሚያየው የሄደ ሰው ብቻ ነው።

ልጁ ሦስቱን ገጾች አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከቷቸዋል። የዘንድሮው የቢሾፍቱ ፕሮግራም ደግሞ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። እኔ አልሄድም። ቀርጻችሁ ጫኑልኝ፤ ዩቲዩብ ላይ አየዋለሁ።