የጓዳ እስረኞችና ብቻቸውን የቀሩ እናቶች

በዚህች አገር ፍርድ ቤት የማያውቀው፣ ዘበኛ የሌለው፣ የእስረኛ መዝገብ የማይያዝበት እስር ቤት አለ። እስር ቤቱ የየቤታችን ጓዳ ነው። እስረኞቹም በኦቲዝም፣ በዳውን ሲንድሮም፣ በሴሬብራል ፓልሲ ወይም በሌላ ምክንያት የአእምሮ እድገታቸው ከእኩዮቻቸው የተለየ ልጆች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። በዓል ሲደርስ በር ይዘጋባቸዋል። እናት እንጀራ ፍለጋ ስትወጣ ደግሞ ከአልጋ እግር ጋር በገመድ የሚታሰሩም አሉ።

ይህን የሰማ ሁሉ «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት?» ለማለት ይቸኩላል። እኛ ግን እንጠይቅ፤ ምን ታድርግ? ትታው ብትሄድ ወደ አስፋልት ይሮጣል፣ ምድጃ ላይ ይወድቃል፣ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ባለጌ ይደፍራታል። ይዛው እንዳትሄድ ልብስ የምታጥብበት ቤት «ልጁን ይዘሽ አትምጪ» ተብላለች። እቤት ብትውል የሚላስ የሚቀመስ የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ገመዱን ያነሳችው ጭንቀቷ ነው። እኛ ሌላ ምን መላ ሰጠናት?

ጭንቀቱ ደግሞ ከውጭ በሚወረወር ቃል ይከብዳል። «የእጇን ነው ያገኘችው»፣ «የዘር እርግማን አለባቸው»፣ «ቡዳ በልቶት ነው» የሚለው ሐሜት ከቡና ጀበናው ጋር ይዞራል። አከራይ «ልጁ ይጮሃል» ብሎ ቤት ያስለቅቃል። የታክሲ ረዳት በር ይዘጋል። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ጣጣውን ሁሉ ለሚስቱ ጥሎ ውልቅ የሚል አባትም አለ። በአንጻሩ ልጁን አዝሎ ከሐኪም ሐኪም የሚዞር አባትም ስላለ ለእሱ ባርኔጣችንን እናነሳለን። የታላቅ እህት ዕዳም አይረሳ፤ ታናሿን ስትጠብቅ ከትምህርቷ የምትቀረው እሷ ናት።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የሚለውን እንስማ። አጥኚዎቹ በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን አነጋግረዋል። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከመቶ 27 የሚጠጉት ነገሩን በምስጢር ለመያዝ እንደሚጥሩ አልደበቁም። ከመቶ 40ዎቹ የመንፈስ ልክፍት፣ ከመቶ 27 የሚበልጡት ደግሞ የኃጢአት ውጤት ነው ብለዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሐኪም ዘንድ የደረሱት ናቸው። ክሊኒክ ደጃፍ ያልረገጡት፣ በየገጠሩ ያሉት እናቶችማ ምን ይሉ ይሆን?

ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ምን ጎደላችሁ?» ሲባሉ ከመቶ 75 የሚጠጉት ያሉት «ለልጄ ትምህርት» ነው። የገንዘብ ድጋፍ የጠየቁት ከመቶ 30 ያህሉ ናቸው። ምጽዋት ፈላጊ እያሉ ለሚያሟቸው መልሱ ይኸውላችሁ! «ምንስ ያጽናናችኋል?» ሲባሉ ደግሞ ከመቶ 86ቱ ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር፣ ከመቶ 85ቱ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ነው አሉ። ከመቶ 58ቱ ጸሎትን ጠቀሱ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ጠበል መውሰድን ወይም ዱዓ ማስደረግን የሚነቅፍ ብዕር የለንም። እምነት እናትን ያጸናል። ነገር ግን «ሰይጣን አለበት» ተብሎ ምንም የማያውቅ ሕፃን ሲገረፍና በሰንሰለት ሲጠፈር ዝም ማለት ደግሞ ኃጢአት ነው። ኦቲዝም የአንጎል እድገት ጉዳይ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም ልጁ ሲፀነስ የሚመጣ የክሮሞሶም ጭማሪ ነው። የእናት ኃጢአትም የጎረቤት ዓይንም አያመጣቸውም። ካህናቱና ሼሆቹ ይህን ከዓውደ ምሕረትና ከመስጊድ ቢናገሩ ከመቶ ስብሰባ ይበልጣል።

አሁን ወደ መንግሥት እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለመርዳት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸድቋል፤ ስምምነቱ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያዝዛል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም ወጥቷል። ወረቀቱ ሞልቷል። እናቲቱ ግን ልጇን ይዛ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስትንከራተት የምትሰማው «ለእሱ የሚሆን አስተማሪ የለንም» የሚለውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ አይደለምን? «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግስ ለአዳራሽና ለድግስ ሲሆን ለምን አትጠቀስም?

የመንግሥት ቸልተኝነት ልጁ ሳይወለድም ይጀምራል። እርጉዝ ሴት አዮዲን በእጅጉ ሲጎድላት የፅንሱ አንጎል ይጎዳል። አዮዲን ያለው ጨው በብዛት ይመጣ የነበረው ከኤርትራ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ያ መንገድ ተዘጋና ገበያውን አዮዲን ያልገባበት የአፋር ጨው ያዘው። ለሰው የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! በነዚያ ዓመታት ለተወለዱት ማን ይጠየቅ?

መንግሥት በተኛበት ጊዜ የነቃችው እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት ትምህርት ቤቶች አልይዝ ሲሏቸው ቁጭ ብለው አላለቀሱም። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በራሳቸው ጥረት ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም «ልጆቻችሁን አትደብቁ» እያሉ ባደባባይ ጮኹ። ኋላም ነህምያን የመሰሉ ማዕከላት ተከተሉ። ግን እስከ መቼ ነው ችግሩን የተሸከመችው እናት መፍትሔውንም በጀርባዋ የምትሸከመው? ደግሞስ የደብረ ማርቆስ፣ የጅማና የደሴ እናት ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ድረስ ትሰደድ?

ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሳሰሉ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ተበትኗል። መብራቱና የእግረኛ መንገዱ ያምራል፤ አንክድም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ ላላት እናት ጎረቤት ማለት ሞግዚት ነው። ልጁን በስሙ የሚያውቀው ባለሱቅ፣ «አንድ አፍታ ያዥልኝ» የምትላት የእድር ጓደኛዋ፣ ሲጠፋ እጁን ይዞ የሚመልሰው ሊስትሮ ከዚያ ቤት ጋር አብረው ፈርሰዋል። ይህ ኪሳራ በካሳ ተመን ውስጥ ገብቶ ያውቃል?

እንግዲህ የምንለው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ልጆቹ ቀን የሚውሉበትና የሚማሩበት ቦታ ይከፈት፤ የሠለጠነ አስተማሪም ይመደብ። ሁለተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና በአገራችን በከተማም በገጠርም ተሞክሯልና ከሙከራ ወጥቶ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ለሁሉም ይዳረስ። ሦስተኛ፣ እድሮቻችን ለሞተ ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ ለቆመችው እናትም ይድረሱላት። በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ተራ በተራ ቢይዙላት ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሆናል።

እነዚህ እናቶች ሌሊት የሚያባንናቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እኔ ስሞት ልጄን ለማን እተወዋለሁ?» ይህን መመለስ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ አለብን የሚል ሹም ካለ ወጥቶ ይናገር። የጓዳውን በር ለመክፈት ግን መመሪያ መጠበቅ አያሻም። ቁልፉ በእኛው እጅ ነው።