ጭቃውን አትስደቡት

«ጭቃ ቤት» ሲባል ከንፈር መምጠጥ የከተሜ ልማድ ሆኗል። ከቁስቋም ከፍ ብሎ እንጦጦ ላይ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥትስ ከምን ተሠራ? ከድንጋይ፣ ከጭቃ፣ ከእንጨትና ከሣር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ። የጭቃው ግቢ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። ለንጉሠ ነገሥት ያላነሰ ጭቃ ለቁስቋም ነዋሪ በምን ሒሳብ አነሰ?

«ጭቃ ቤት ይፈርሳል» ይላሉ። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፣ አይጥ ይፈለፍለዋል። እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የአሠራሩ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ያለ ድንጋይ መሠረት አፈር ውስጥ ሲቀበር ምስጥና እርጥበት ይበላዋል። ቆርቆሮው ከግድግዳው ሳይወጣ ሲቆረጥ የሐምሌ ዝናብ ግድግዳውን ይገርፈዋል። ከዚያ «ለማጠንከር» ተብሎ ሲሚንቶ ይለሰናል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ከኋላው ይገባል፣ ምርጊቱን ይዞ ይወርዳል። የሚሰደበው ግን ጭቃው ነው!

የደጋ ገበሬ ይህን ያውቃል። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር እየረገጠ ለቀናት ያቦካል። ይመርጋል፤ ደርቆ ሲሰነጠቅ ደግሞ ይመርጋል። ጎረቤት በደቦ ይረዳዋል። ቤቱ ሲጎዳም የሚጠግንበት አፈር ከደጁ ነው።

ሲሚንቶ ግን 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት የሚጋገር፣ ከሩቅ በመኪና የሚመጣ ዕቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከገበያ ሲጠፋና ዋጋው ሲንር የስንቱ ግንባታ ቆመ? ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ «ብሎኬት እስክገዛ» እያለ ዓመታት ይቆጥባል፤ ልጆቹ በሚያፈስ ቤት ያድጋሉ። ዛሬ በድንጋይ መሠረትና በደህና ምርጊት ሊጠገን የሚችለውን ቤት ኀፍረት አስቀረው።

«ዘመናዊ አይደለም» የሚል ካለ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ጋር በ2003 ዓ.ም. ገደማ እዚሁ አዲስ አበባ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከአፈር ሠርቶ አሳይቷል። የኮንዶሚኒየሙ ግንባታ ግን በኮንክሪትና በብሎኬት ቀጠለ።

ማንም አሥር ፎቅ በጭቃ ይሠራ አላለም። ጥያቄው ቀላል ነው። ከተማው ለጭቃ ቤት ደረጃ ያውጣ፦ የመሠረቱ ከፍታ፣ የጣሪያው መውጫ፣ የእንጨቱ አያያዝ፣ የምርጊቱ አሠራር ተጽፎ ይሰጥ። ወረዳው በዚያ መሠረት የጥገና ፈቃድ ይስጥ። ይህን ሳያደርጉ ሕዝቡ የሚኖርበትን ቤት «ደረጃውን ያልጠበቀ» ማለት፣ መጀመሪያውኑ ደረጃ ላላወጡለት ቤት ፍርድ መስጠት ነው።