ከመስኮት የሚታይ አገር

ሰሞኑን አንድ ግጥም ወዳድ ጓደኛዬ ከፈረንሳይ የተላኩለትን ፎቶግራፎች ያሳየኝ ነበር። የድንጋይ ድልድይ፣ የሸክላ ክዳን ያላቸው አሮጌ ቤቶች፣ የወንዝ ዳር የእግር መንገድ፤ በመንገዱም ላይ ከአንድ መንደር ተነሥተው፣ ሁለት ሦስት መንደር ዞረው፣ ወደ ተነሡበት የሚመለሱ ሰዎች። ጓደኛዬ በረጅሙ ተነፈሰና «አገርማ ይህ ነው! የሚዞር ታሪክ ያለው!» አለ። ይህን ያለኝ ኢተያ ላይ፣ ጭላሎ ከፊታችን ተገትሮ፣ ቡና እየጠጣን ነው። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። መልሴ እነሆ።

ፈረንሳዮቹ የሚዞር አገር ከሰማይ አልወረደላቸውም። ከዓለም ጦርነቱ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በሎዋር ወንዝ ዳርቻ ከኦርሌያን እስከ ቦዣንሲ የመጀመሪያውን ረጅም የእግር መንገድ ከፈቱ፤ መንገደኛው እንዳይጠፋም በየዛፉና በየድንጋዩ ላይ ነጭና ቀይ ቀለም ቀቡ። ዛሬ በዚያ አገር እንዲህ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ ከ180 ሺህ ኪሎ ሜትር አያንስም። ወንዙም መንደሩም ቀድሞ የነበረ ነው፤ የተጨመረው የሰዎቹ እግር ነው።

እኛስ? እኛ ገጠርን በግጥም እንወዳለን፤ በእግር ግን አንደርስበትም። የዘመናችንን የግጥም መድበሎች ግለጡ፤ «ጅረቱ»፣ «መስኩ»፣ «እረኛው» ሞልቷል። የትኛው ጅረት? የማን መስክ? እረኛው በምን ቋንቋ ነው የሚያንጎራጉረው? መልስ የለም። ወንዙ ስም የለውም፤ ገጣሚው ከአዳማ ወደ አሰላ ሲያልፍ በመኪና መስኮት አይቶታልና። ስም የሌለው ወንዝ ደግሞ ቢደርቅም ማንም አያለቅስለትም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት በሁሩታ በኩል ስላየሁት ወንዝ ግጥም ጽፌ፣ በመጨረሻው ስንኝ «ወደ ባሕር» ሸኝቼው ነበር። ኋላ ያንኑ ወንዝ በእግሬ ተከትዬ ስወርድ አንድ አዛውንት አገኘሁና ስለ ወንዙ ጠየቅኋቸው። «ይህ ቀለታ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል።» እውነት ነው፤ አዋሽ መጨረሻው የአቤ ሐይቅ ነው። ይህን የተማሪ መጽሐፍም ይነግረኝ ነበር። ነገር ግን አልጠየቅሁም፤ ለግጥሜ ወንዝ የተባለ ነገር በቅቶኝ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ስለዚህ እላለሁ፦ ኢተያም የሚዞር ታሪክ አላት። በጠዋት ከገበያው ጀርባ ውጡና ወደ ጭላሎ ግርጌ አቅኑ። በግራ በቀኝ የምታዩት የስንዴ ማሳ እንዲሁ ማሳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያስፋፋው በዚህ ምድር ነው። ምርቱ ሲያድግ ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፤ ትራክተሩ ሲገባ ጭሰኛው ተነቀለ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጩኸት እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ሲጮኽ፣ ከጀርባው እነዚህን የመሰሉ ማሳዎች ነበሩ። ከእግራችሁ በታች ደግሞ ቧንቧ አለ፤ ከደጋው ምንጭ ያለ ሞተር፣ በስበት ብቻ እየወረደ ለሄጦሳ ቀበሌዎችና ከተሞች የተዳረሰ ውኃ ይሄድበታል። ይህን ሁሉ ከመኪና መስኮት ማን ያነበዋል?

ከዚህ የሚከብድም አለ። አኖሌ በዚሁ በሄጦሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የአርሲ ሕዝብ በአዙሌ ከምኒልክ ጦር ጋር ከተዋጋ በኋላ ስለደረሰው መከራ፣ ስለተቆረጠው እጅና ጡት፣ በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትዝታ አለ፤ መታሰቢያ ሐውልቱም በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ ወዲህ ስለ አኖሌ ያልጻፈ፣ ያልተሳደበ፣ ያልማለ የለም። ከተከራካሪው መካከል ግን ያን ምድር የረገጠው ስንቱ ነው? በሰው ሐዘን ላይ ከቡና ቤት ወንበር ሆኖ መፍረድ ድፍረት ነው። ስለዚያ ትዝታ ሊጽፍ የሚሻ፣ ሊመሰክርም ይሁን ሊጠይቅ፣ አስቀድሞ በእግሩ ይምጣ፤ ከሽማግሌዎቹ ደጃፍ ተቀምጦ ይስማ። ብዕሩ ከዚያ በኋላ ይቅደም።

«ዝም ብሎ መዞር የጠገበ ሰው ወግ ነው፤ የእኛ ገበሬ የሚሄደው ቸግሮት ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ያለ ጉዳይ በእግሩ የሚሄድ ሰው በእኛ አገር ያስገርማል፤ እኔንም «ምን ሆነህ ነው? መኪና አጣህ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት መንገዱን ለመዝናኛ እንዳልመረጠችው አላጣሁትም። ግን እርሷን ከመስኮት አይቶ «የእናቴ ጀርባ» ብሎ ከሚገጥም፣ አንድ ዳገት አብሯት ወጥቶ የሸክሙን ልክ የሚያውቅ አይሻልምን? ጸጥታው የሚያሰጋበት ቀንም አለ፤ ያን ቀን አገሬውን ጠይቆ መቅረት ብልኅነት ነው። ሰላም ባለበት ቀን መቅረት ግን ስንፍና እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ደግሞስ በእግር መሄድ ከመቼ ወዲህ የፈረንጅ ወግ ሆነ? የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ መምህር ፍለጋ ከአገር አገር በእግሩ የሄደ ነው። የአርሲ ምእመን ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዞ፣ ውዳሴ እያዜመ፣ ቆላውን አቋርጦ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የወረደ ነው። ግጥማችን በሁለቱም በኩል የመንገደኛ ልጅ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ከዚሁ ከአሰላ አካባቢ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ዓለም አርሲን ያወቃት በእግር ነው። በእግር የማናውቃት እኛው፣ ልጆቿ ነን።

ለምን ዙሪያ መንገድ እንደምል ልናገርና ላብቃ። በሄዱበት መንገድ የሚመለስ ያንኑ ያየውን ይደግማል። ዞሮ የሚመጣ ግን መንደሩን ከጀርባዋ ያያታል፤ ከአስፋልቱ በኩል የማትታየውን ጓሮዋን፣ አጥሯን፣ መቃብሯን። ያቺን ኢተያ የጻፈ ገጣሚ እስካሁን አላነበብኩም። ጓደኛዬ ሆይ፣ እሑድ ጠዋት ና፤ ፎቶግራፉን ቤት ተወው።

ወንዝ ብለህ አትለፍ፣ ስም አለው ጠይቀው፣
እረኛ ነውና ስሙን የሚያውቀው፤
አወቅኋት አትበለኝ በመስኮቱ አይተህ፣
ውረድና ዙራት በትርህን አንሥተህ።

ቸር እንሰንብት።