ባለ እጅን ቡዳ ማለት አይገባም

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ብዙ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው ይላሉ። ቡዳ ሰውን በዓይኑ ይበላል፥ ሌሊትም ጅብ ሆኖ ይሄዳል ብለው ይፈራሉ። እኔ ግን ይህ ነገር ሐሰት ነው እላለሁ። ምክንያቱን፥ ልጆች ሆይ፥ አስተውላችሁ አንብቡ።

ልጁ የታመመበት ሰው ይፈራል። የፈራ ልብም ምክንያት ሳያገኝ አያርፍም። ልጁን በፎገራ ሜዳ ትንኝ ነድፋው ይሆናል፤ ነገር ግን ወባው የሚነሣበት ከብዙ ቀን በኋላ ነውና ትንኟን የሚያስታውስ የለም። ቀጥቃጩ ግን ትናንት በገበያ ልጁን አይቶ፥ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ነበር። ስለዚህ «እርሱ በላው» ይባላል። በዚያው ገበያ ቀጥቃጩ ያያቸው ሌሎች ልጆች ሁሉ በደኅና አደሩ፤ እነርሱን ግን የሚቈጥር የለም። ሰው ከፍርሃቱ ጋር የሚስማማውን ያስባል፥ የማይስማማውን ይረሳል።

«በሽተኛው ራሱ ጮኾ ስሙን ጠራ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጢስ እያጤሱ፥ «ማን በላህ?» እያሉ ሲያስጨንቁት ስም ይጠራል። ነገር ግን ያን ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። ጆሮ የሰማውን አፍ ቢናገረው ምስክር አይሆንም።

ደግሞ ሰው የማያውቀውን ጥበብ ይፈራል። ብረትን በወናፍና በእሳት አለስልሶ ማረሻ ማድረግ ለማያውቅ ሰው አስማት ይመስለዋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከውጭ አገር የመጡትን ባለ እጆች ከአገር ልጆች ጋር አድርገው፥ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። ይህን የሠራው ትምህርትና ድካም ነው እንጂ አስማት አይደለም። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድብ ዐዋጅ አስነገሩ።

ይህ ሐሰት ሁለት ሰው ይጐዳል። በሽተኛው መድኃኒት ሳያገኝ ጊዜው ያልፍበታል፤ ንጹሑም ሰው ያለ ፍርድ ይኰነናል፥ ልጁም በትምህርት ቤት ብቻውን ይቀመጣል። በማረሻው አርሰን፥ በማጭዱ አጭደን፥ እንጀራችንን በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ጋግረን እየበላን እነርሱን ከማዕድ ማራቅ ውለታ ቢስነት ነው።

«ጠርጥር፥ ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድመን የራሳችንን አሳብ እንጠርጥር። «እገሌ ቡዳ ነው» ሲሏችሁ፥ «ማን አየ? እርሱ አይቷቸው ሳይታመሙ የቀሩትስ ስንት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንድማችሁ ቢታመም ወደ ሐኪም ይወሰድ ዘንድ ለወላጆቻችሁ ንገሩ። የቀጥቃጩንም ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡት።